የተዘለለው ስም

ባለፈው ግንቦት ከእንጅባራ ወደ ግምጃ ቤት በባጃጅ ስሄድ ዝናብ መንገድ ላይ ያዘን። ሹፌሩ ልጅ እግር ነው፤ ትንሽ ብንጠለል ይሻላል ብሎ ከመንገዱ ዳር ካለች አንዲት የሣር ክዳን ቤት አጠገብ አቆመ። ባለቤቲቱ ማን እንደሆንን እንኳ ሳይጠይቁ ግቡ አሉን። መደቡ ላይ ተቀምጬ የጫማዬን ጭቃ በእንጨት ስፍቅ ከላይ አንዲት ጠብታ እጄ ላይ አረፈች። ቀለሟ ሻይ ይመስላል። አሸተትኳት፤ ጭስ፣ ጥላሸትና የበሰበሰ ሣር ትሸታለች። ያደግኩበት ሽታ ነው። ሴትዮዋ አፍረው ጨርቅ ሊያመጡልኝ ተነሱ። ተዉት ይቀመጡ ብያቸው፣ ዝናቡ እስኪያባራ አባቴ ቆርቆሮውን የሰጠበትን ዓመት ሳስብ ቆየሁ።

ያኔ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ። መንደራችን ከግምጃ ቤት ብዙም አይርቅም፤ ቤቶቹ ከኮረብታው አናት ጀምረው እስከ ወንዙ ድረስ ቁልቁል ይወርዳሉ፣ እያንዳንዱም በቀርከሃ የታጠረ ነው። የአባቴ የታደገ ወገኖች አገዎች ናቸው፤ ቤት ውስጥ አገውኛ፣ ትምህርት ቤትና ገበያ አማርኛ እንናገራለን። እናቴ ብርቄ ግን የዳንግላ ከተማ ልጅ ናት። አገውኛ የተማረችው አግብታ ከመጣች በኋላ ስለሆነ ሽማግሎች ፈጠን ብለው ሲያወሩ ፊት ፊታቸውን እያየች ነገሩን ለመገመት ትሞክራለች። አባቴ "ብርቄ አገውኛ የምትሰማው በዓይኗ ነው" እያለ ይስቅባት ነበር። እሷም ለዚህ የምትመልስለት አጥታ አታውቅም።

ፈረሳችን የሞተው በዚያ ዓመት መስከረም ላይ ነው። ኑሯችን በእሱ ላይ ነበር የቆመው። አባቴ በጋሪ የሰው ድንች፣ የሰው ከሰል፣ አንዳንዴም የሙሽራ ዕቃ ወደ ግምጃ ቤት ያመላልስበታል። ፈረሱ ሆዱን ታሞ ሁለት ቀን ተኝቶ ሞተ። ጎረቤቶች ተራ በተራ እየመጡ "እግዜር ይተካልህ" አሉት፤ አባቴ የሰው ለቅሶ እንደተቀመጠ ሁሉ ጋቢውን ተከናንቦ እንግዳ ሲቀበል ዋለ። ጋሪው ግን ግቢው ውስጥ እንደቆመ ቀረ። እኔ በዚያ ዕድሜዬ ጋሪ ያለ ፈረስ የማይሄድ አይመስለኝም ነበር፤ ወጥቼ ተቀምጬ ልጓሙን እየጎተትኩ ብዙ ጊዜ ሞክሬዋለሁ።

ከዚያ በኋላ አባቴ ለሰው መሥራት ጀመረ። እኛ ዲከረንስ የምንለውን የከሰል ዛፍ ይቆርጣል፣ ያከስላል፣ ድርሻውን ይቀበላል። ማታ ሲመጣ ዓይኑና ጥርሱ ብቻ ይታየኛል። ቤታችን ውስጥ ነገሩ ሁሉ እየሳሳ ሄደ። እናቴ ጨው ወጥ ውስጥ የምትጨምረው በጣቷ ጫፍ ቆንጥራ ሆነ። ልብሳችን በእንዶድ ይታጠባል፤ ሳሙናዋ ሣጥን ውስጥ ተቀምጣ የምትወጣው እንግዳ እጁን ሲታጠብ ብቻ ነው። እንግዳው ታጥቦ ሲጨርስ እናቴ ሳሙናዋን በቀሚሷ ጫፍ አድርቃ ወደ ቦታዋ ትመልሳታለች። ሳሙና ውሃ የማይወድ ነገር እንደሆነ የተረዳሁት እንዲህ ነው።

አንድ ሀብት ግን ነበረን። ከአልጋው ጀርባ ግድግዳውን ተደግፈው፣ በአሮጌ ሰሌን ተሸፍነው የቆሙ ቆርቆሮዎች። አባቴ ፈረሱ በሕይወት ሳለ ድንች በተሸጠ ቁጥር አንድ አንድ እየገዛ በጋሪው ያመጣቸው ናቸው። የቤታችን ክዳን አርጅቶ ነበር፤ ሣሩ ጠቁሮ፣ ሳስቶ፣ በአንዳንድ በኩል ሰማይ ያሳያል። አባቴ ማገሩን ሁሉ አዘጋጅቶ "የዘንድሮን ክረምት ከቆርቆሮ ስር ነው የምንሰማው" ይል ነበር። እናቴ ከመተኛቷ በፊት እጇን ከሰሌኑ ስር አስገብታ በጣቷ ኳ ኳ ታደርገዋለች። ቆርቆሮ ያለው ሰው በዝናብ ሲያማርር ሰምቼ ስለማላውቅ፣ ዝናብ ቆርቆሮ ያለበትን ቤት አይቶ የሚያልፍ ይመስለኝ ነበር። ስለዚህ ከአልጋ ጀርባ መቀመጡ አልገባኝም፤ ደጅ አውጥተን ለምን ለሰማይ አናሳየውም እል ነበር።

የዚያ ዓመት ሌላው ነገር መዋጮ ነው። አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል። ለትምህርት ቤቱ ዴስክ፣ ለመንገዱ ድልድይ፣ ፈረስ ጉግስ ለሚወጡ ወጣቶች ጌጥ፣ ባሕር ዳር ለሚወሰድ በሽተኛ፣ ለቅሶ ለገባበት ቤት። ሁሉም ተገቢ ነው፣ ሁሉም የሰው ጉዳይ ነው፤ ግን የሚጠየቀው ያው አንድ ቤት ነው። መጀመሪያ ተቀምጠው ስለሌሉን ከብቶች ደኅንነት ይጠይቃሉ፣ ስለ ዝናቡ ያነሳሉ፣ ከዚያ አንደኛው ጉሮሮውን ይጠርጋል። እኔ መዋጮ ጠያቂን ከሩቅ መለየት ተምሬ ነበር፤ ዱላውን ደጅ አስደግፎ የሚገባ ሰው መዋጮ ነው፣ ይዞት የሚገባ ተራ እንግዳ ነው። እናቴ ከሸኘቻቸው በኋላ "እዚህ ቤት ያላዋጣች ድመቷ ብቻ ናት" ትላለች። አባቴ አይስቅም። ሲጠየቅ የለኝም ብሎ አያውቅም፤ ካጣ ጉልበቱን ይሰጣል፣ ድንጋይ ይሸከማል፣ ጉድጓድ ይቆፍራል።

ለዴስኩ የሰጠነው እንቁላል ነበር። እናቴ የዶሮዋ ጎጆ ውስጥ የተገኘውን በገለባ አድርጋ አስያዘችኝ። ዴስኮቹ የመጡ ዕለት አስተማሪያችንን የእኛ እንቁላል የትኛው ጋ እንደገባ ጠየቅኳቸው። ሳቁና ከፊት ያለችውን ዴስክ ጥግ አሳዩኝ። ዓመቱን ሙሉ እዚያች ጥግ ላይ ሌላ ሰው ሲቀመጥ እያስነሳሁ ስንቱን አስለቅሻለሁ።

ከፋሲካ በኋላ የሚካኤል ጣሪያ ነገር ተነሳ። የደብራችን ክዳን ከቤታችን አይሻልም ነበር፤ ቅዳሴ ላይ ዝናብ ሲመጣ ዲያቆናቱ መጻሕፍቱን ይዘው ከጥግ ጥግ ይዞራሉ። የመዋጮው ሰብሳቢ አያ ስንሻው ነበሩ። ሽበታም፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ፣ መንደሩ ሁሉ የሚሰማቸው ሽማግሌ ናቸው። ሁሉም ቤት የአቅሙን ያመጣል ተባለ፤ ቆርቆሮ የቻለ ቆርቆሮ፣ ያልቻለ እንጨት፣ ያም ያልሆነለት ሚስማር።

እናቴ ይህን የሰማች ሳምንት እንቅልፍ አጣች። ፈራች። ቆርቆሮው ከአልጋው ጀርባ እንዳለ መንደሩ ሁሉ ያውቃል፤ ከጠየቁት ደግሞ አባቴ የለኝም አይልም። ሁለት ሦስቱ ከተነሱ የቀረው ጣሪያውን አያዳርስም፣ ሌላም ክረምት በሚያፈስ ክዳን ስር ማለፍ ይሆናል። ዳንግላ እያለች እናቷ ባሏ የሞተባት ድሃ ስለነበረች ቀበሌው ከመዋጮ ነፃ ብሏት ነበር። ያ ነገር በከተማው ማንንም አላሳፈረም፤ ወረቀቱን ሰጧት፣ አለቀ። ስለዚህ እናቴ እዚህም እንደዚያ የሚሆን መሰላት። አባቴ ሥራ የሄደ ዕለት እጄን ይዛ ወደ አያ ስንሻው ቤት ወጣች።

አያ ስንሻው ቀርከሃ እየሰነጠቁ አጥር ያድሱ ነበር። እናቴ ብዙ ዙሪያ ሄደች፤ ስለ ፈረሱ አነሳች፣ ስለ ጨው፣ ስለ ክዳኑ። በመጨረሻ "በዚህ መዋጮ የታደገን ቤት እለፉት። ሲሞላልን እንሰጣለን" አለቻቸው።

አያ ስንሻው የያዙትን ቀርከሃ እስከ ጫፉ ሰንጥቀው ጨረሱ። "ታደገ ያውቃል?" አሉ።

"ያውቃል" አለች እናቴ። ቀና ብዬ አየኋት። እሷ ግን ወደ እኔ አላየችም።

"እሺ ልጄ" አሉ አያ ስንሻው። ስንመለስ እናቴ ቀለል ብሏት ነበር፤ ከመንገዱ ዳር እንዶድ ለቀመች፣ ለእኔም የዱር እንጆሪ ፈልጋ ሰጠችኝ። እኔ በበኩሌ አንድ ሽልማት ያገኘን ነበር የመሰለኝ። ለአባቴ እንዳልነግር ስላዘዘችኝም ሽልማቱ ድንገት የሚገለጥ መሰለኝና ምላሴን ነክሼ ያዝኩ።

ነገሩ ግን በመንደሩ ውስጥ ሾልኮ ወጣ። ማን እንደተናገረ አላውቅም፤ አያ ስንሻው ወሬ የሚያወጡ ሰው አልነበሩም፣ ምናልባት ቤተሰባቸው ሰምቶ ይሆናል። በዚያው ሰሞን ይታይሽ የምትባለው ጎረቤታችን ወለደች። በእኛ መንደር ለአራስ የገንፎ ዱቄትና ቅቤ ሴቶቹ ቤት ለቤት እየዞሩ ሰብስበው ይወስዳሉ። እናቴ ዱቄት በጣሳ ሰፍራ፣ ላዩን በእጇ ጠፍጥፋ በር ላይ ቆማ ጠበቀች። ሴቶቹ ከላይ ቤት ወጡ። በአጥራችን በኩል ሲያልፉ "ደኅና ዋልሽ ብርቄ" ብለው ሰላምታ ሰጧት። እሷም ደኅና ዋላችሁ አለች። ከዚያ አለፉና ወደሚቀጥለው ቤት ገቡ።

እናቴ ጣሳውን ይዛ ጥቂት ቆመች። ሴቶቹ ክፋት አስበው አልነበረም፤ እንዲያውም ከመዋጮ እንደቀረች ሰምተው አዝነውላት ነው። እኔ ዱቄቱ ለእኛ ተረፈ ብዬ ደስ ብሎኝ ገንፎ ይሠራልን ወይ ብዬ ጠየቅኳት። ዝም በይ አለችኝ። ዱቄቱን ወደ እንቅቡ መልሳ፣ ጣሳውን አጥባ ደፋችው። ያን ቀን ምሳ አልበላችም። እናቴ እንዲህ ስትሆን አይቼ ስለማላውቅ ያመማት መስሎኝ ግንባሯን ዳሰስኩት።

የሚካኤል ጉባኤ በእሑዱ ቅዳሴ ሲያልቅ ሆነ። ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያኑ ፊት ካለው ትልቅ ወይራ ስር ተቀመጠ፤ ወንዶቹ በአንድ በኩል፣ ሴቶቹ በሌላ። ከእንጅባራ የመጣ ድምፅ ማጉያ ዛፉ ላይ ተሰቅሏል፤ ድምፁ ከአናታችን ስለሚመጣ የሚናገረው ዛፉ ነበር የሚመስለኝ። በእኛ መንደር መዋጮ የሚጠራው እንደ ቤቶቹ አቀማመጥ ነው፤ ከኮረብታው አናት ተጀምሮ ወደ ወንዙ ይወርዳል። የቤቱ ጌታ ስሙ ሲጠራ ይነሳል፣ የሚሰጠውን ይናገራል፣ ሴቶቹ እልል ይላሉ። ቆርቆሮ ላለውም ሚስማር ላለውም እልልታው አንድ ነው። እስከዚያ ቀን ጉባኤ የሚወጣው አባቴ ብቻ ስለነበር እናቴ ይህን ሥርዓት አይታው አታውቅም። ከተማ ያደገች ናት፤ መዋጮ በየቤቱ ተጠይቆ የሚያልቅ ነገር ነበር የመሰላት።

ስሞቹ እየወረዱ መጡ። ከእኛ በላይ ያለው የምናለ ቤት ነው፤ ምናለ ተነስቶ ሁለት ግንድ ባሕር ዛፍ ሰጠ። አባቴ ጋቢውን አስተካክሎ፣ አንድ እጁን መሬት አስደግፎ ከመቀመጫው ብድግ ማለት ጀምሯል። የተጠራው ግን የደሴ ስም ነው። የደሴ ቤት ከእኛ በታች ነው።

አባቴ እዚያው በግማሽ እንደተነሳ ቀረ። መጀመሪያ ስህተት መስሎት ዞር ዞር ብሎ አየ። አጠገቡ የነበሩት ሁሉ መሬት መሬቱን ያያሉ። ያን ጊዜ ገባው መሰለኝ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ወደ እናቴ ዞርኩ፤ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ይዛለች፣ ዓይኗ ከአባቴ ጀርባ አልተነቀለም። ስሞቹ እስከ ወንዙ ወረዱ። ጠሪው እንደ ልማዱ የቀረ ካለ ይነሳ አለ።

አባቴ ተነሳ። "የታደገ ቤት ቀርቷል" አለ በአገውኛ። ድምፁ ትልቅ አልነበረም፤ ማጉያም አልነበረውም። "ቤቴ ያለውን ቆርቆሮ በሙሉ ለሚካኤል ሰጥቻለሁ።"

ከዚያ እልልታው ተነሳ፤ እንደዚያ ያለ እልልታ በዚያ ቀን አልተሰማም ነበር። ከሁሉም በላይ የጮህኩት እኔ ነኝ። ሽልማቱ ተገለጠ አልኩ። የምናለን ሁለት ግንድ፣ የደሴን ሚስማር ካስከነዳን ሀብታም መሆን አለብን ብዬ አሰብኩ። ሰኞ ትምህርት ቤት ሄጄ በቅርቡ ጫማ እንደሚገዛልኝ፣ ፈረስም እንደሚመጣልን በዴስኬ ለሚቀመጡ ልጆች ሁሉ ነገርኩ። እናቴ እልል አላለችም። እጇ ነጠላዋ ላይ ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ አባቴ ማን ስሙን እንዳስዘለለው አልጠየቀም፤ አያ ስንሻው በራሳቸው አዝነውለት ያደረጉት ነበር የመሰለው። እናቴም አልነገረችውም። ምግቡን ታቀርባለች፣ ይበላል፣ ወደ ከሰሉ ይሄዳል። እኔ ጫማውን እጠይቃለሁ። ዝናቡ ከወትሮው ቀደም ብሎ ጀመረ፤ ማታ ማታ ጠብታው እየበዛ እናቴ በየቦታው ድስት፣ ጣሳ፣ ቅል ታስቀምጣለች። ድስቱ አንድ ድምፅ አለው፣ ጣሳው ሌላ። እኔ ለእያንዳንዱ ስም አውጥቼ ነበር፤ ቤቱ ውስጥ ያለው ሌላው ሁሉ ልቡ እንደተሰበረ አላውቅም ነበር።

ከሳምንት በኋላ አያ ስንሻው ከአንድ ቄስ ጋር መጡ። ሁለቱም ዱላቸውን ይዘው ገቡ፤ ስለዚህ ለመዋጮ እንዳልመጡ አወቅኩ። አያ ስንሻው ተቀምጠው ዙሪያውን አዩ፣ ድስቶቹን አዩ።

"ታደገ፣ ቃልህን ሰምተናል" አሉ። "ግን ክረምት ደርሷል፣ ልጅ አለህ። አንዱን ስጠንና የቀረውን ቤትህን አልብሰው። ተመካክረንበታል፣ ቅር የሚለው ሰው የለም።"

ቄሱም እግዚአብሔር የሚያየው ልብን ነው ብለው ደገፉ። አባቴ አቀርቅሮ ምድጃውን ያያል። እሺ ማለት ከብዶታል፣ እንቢ ማለትም እኛን እያየ ከብዶታል። ይህ እናቴ ስትለምነው፣ እንቅልፍ አጥታ ስታስበው የኖረችው ነገር ነው፤ ጣሪያው ራሱ በእግሩ ቤት ድረስ መጥቶላታል። እሺ በል እንድትለው ጠበቅኩ።

እናቴ በሩ አጠገብ ቆማ ነበር። "አያ ስንሻው፣ ታደገ አያውቅም ነበር" አለች። "ያውቃል ያልኩዎ ዋሽቼዎ ነው። ስሙን ያስዘለልኩት እኔ ነኝ።"

አባቴ ቀና ብሎ አያት። እሷ ወደ እሱ አላየችም፤ ወደ ሽማግሌው ነበር የምትናገረው። "ከዚያ ወዲህ የአራስ ዱቄት የሚጠይቀኝ ሰው አጣሁ። በደጄ ያልፉኛል። እሱም ተነስቶ ተናገረ፣ ሕዝቡ ሁሉ ሰማው። አሁን አንድ ብቻ ወስዳችሁ ብትሄዱ ሁለተኛ ዘለላችሁት ማለት ነው። ሁሉንም ውሰዱት።"

አያ ስንሻው ተነስተው እናቴን እጇን ይዘው መረቋት፤ ምርቃቱ በአገውኛ ነበር፣ ረጅምና ፈጣን። ሁሉንም የሰማችው አይመስለኝም፤ ግን በየመሐሉ አሜን አለች። በማግስቱ ወጣቶች መጥተው ቆርቆሮዎቹን አወጡ። ከአልጋው ጀርባ ያለው ግድግዳ ጭስ ስላላገኘው የቆሙበት ቦታ ነጣ ብሎ ቀረ። እኔ አለቀስኩ፤ ሰማይ አሁን እንደሚያየን፣ ቆርቆሮ እንደሌለን እንደሚያውቅ እርግጠኛ ነበርኩ።

የዚያን ዕለት ማታ ራት ላይ አባቴ "ለምን አልነገርሽኝም?" አላት።

"ብነግርህ እሺ አትልም ነበር።"

"አልልም ነበር" አለ። ትንሽ ቆይቶ፣ "አንድ ልሰጥ ነበር እኮ አስቤ የሄድኩት" አለ።

እናቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አደረገች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ትስቅ ታልቅስ መለየት አልቻልኩም። አባቴ ግን ሳቀ፤ ከፈረሱ ሞት ወዲህ ሲስቅ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። ከዚያ እሷም ነጠላዋን ገለጠች፤ ዓይኗ እርጥብ ነበር፣ አፏ ግን እየሳቀ ነው።

ሳቅ ግን ጣሪያ አይሆንም። ሰኔ ገባ፣ በአንድ በኩል ሣሩ ከነማገሩ ወደ ውስጥ ወረደ። ሦስታችንም በአንድ ጥግ ተጠጋግተን መተኛት ጀመርን፤ የእኔ ሳል አልለቀኝ አለ። አባቴ ክዳኑን ለመጠገን ሣር ፈለገ፤ በዚያ ወቅት ደግሞ ሣር ያለው ባለፈው ኅዳር አጭዶ ያስቀመጠ ሰው ብቻ ነው። እሱ በኅዳር ቆርቆሮ አለኝ ብሎ አላጨደም። ስለዚህ መለመን ነበረበት፣ አባቴ ደግሞ ሲጠየቅ እንጂ ሲጠይቅ አይቼው አላውቅም። ሁለት ቀን ያህል እየተነሳ ተቀመጠ። በሦስተኛው ቀን እናቴ ጋቢውን አምጥታ ትከሻው ላይ ጣለችለት። ቤት ለቤት ወጥቶ አንድ አንድ እስር ሣር ጠየቀ።

ከኮረብታው አናት ጀምሮ ወረደ። ማንም እንቢ አላለውም። ያለው ሁለት ሰጠ፣ ወጣቶቹ ደግሞ በማግስቱ መጥተው እንደሚከድኑ ነገሩት። የአራሷ የይታይሽ ባል እስሩን ራሱ ተሸክሞ አመጣ። በግቢያችን ሣሩ እየተከመረ ሄደ፤ አባቴም ጥቂት ቀና ያለ መሰለኝ። ከሰዓት በኋላ ተመልሶ በቃ፣ ይዳረሳል አለ።

እናቴ ከበሩ ሆና ሲወርድ ስታየው ነው የዋለችው። "እማሆይ አሞኘሽ ቤት አልገባህም" አለችው።

እማሆይ አሞኘሽ ከመንደሩ ግርጌ፣ ወንዙ አፋፍ ላይ ባለችው የመጨረሻ ጎጆ ብቻቸውን የሚኖሩ መነኩሲት ነበሩ። ልጅ የላቸውም፣ ከብት የላቸውም፤ የሚበሉት ጎረቤት የሚልክላቸውን ነው። መዋጮ ሲጠራ ሁልጊዜ የመጨረሻው ስም ከእሳቸው በላይ ያለው ቤት ነው። በሚካኤልም ጉባኤ ስማቸው አልተጠራም ነበር፤ ማንም ልብ አላለውም፣ እኔም ዛሬ ነው የማስታውሰው።

"ምን አላቸው ብዬ ልጠይቃቸው?" አለ አባቴ። "አዘንኩላቸውና አለፍኳቸው።"

እናቴ ትኩር ብላ አየችው። አባቴ ፊቱ ተለወጠ፣ ያቆመውን ዱላ አንስቶ ወጣ። እኔም ተከተልኩት።

ሲያካፋ ነበር። እማሆይ አሞኘሽ በራቸው ላይ፣ ዝቅተኛ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። እግራቸው አጠገብ በልጥ የታሰረች አንዲት የሣር እስር አለች፤ ቀጭን ናት፣ እኔም ልሸከማት እችላለሁ። አባቴ ቆቡን አውልቆ እጅ ነሳ፣ የመጣበትን ሊናገር ጉሮሮውን ጠረገ። እሳቸው አልጠበቁትም።

"ላይ ቤት ስትገባ አየሁህ" አሉት። "ደሴ ቤት ስትገባ አየሁህ። ደጄ አጠገብ ደርሰህ ስትመለስም አየሁህ።"

አባቴ "ይቅርታ እማሆይ" አለ።

"እኔንም የሚጠይቀኝ ሰው ይመጣ ይሆናል ብዬ ጠዋት ነው ያሰርኳት" አሉ እማሆይ፤ እስሯንም በእግራቸው ወደ እሱ ገፋ አደረጓት። አባቴ ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ተቀበላቸው።